ሰአዳ ቡድን ገባች

ራውዳ ሶፍትቦል መጫወት የጀመረች ሰሞን አባቷን ተማምን የጨዋታው ስም ብቻ አረጋጋው። ትርጉሙን ሲጠይቅ ለስላሳ ኳስ ማለት ነው አሉት፤ እሱም ለሴት ልጅ የሚስማማ፣ ማንንም የማይጎዳ ጨዋታ መሰለው። አንድ ቀን የሐበሻ ነጋዴዎች በሚበዙበት ጀፕስታውን ካለው መደብሩ ደጃፍ ላይ ልጁ ከጓደኛዋ ጋር ስትወራወር ኳሱ አመለጣትና የአባቷን ጉልበት አገኘ። ተማም ለሳምንት ያህል አነከሰ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ፣ ያ ኳስ ከድንጋይ የሚለየው በስፌቱ ብቻ ነው እያለ ያወራ ነበር። ልጁን ግን አልከለከላትም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ክንድ ከየት አመጣች እያለ በልቡ ይኮራ ነበር።

ራውዳ ጀርሚስተን በሚገኘው ማይንሪጅ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪና የሴቶቹ ሶፍትቦል ቡድን አምበል ነበረች። የቅርብ ጓደኛዋ ሶልያና ደግሞ የቡድኑ ወርዋሪ ነበረች፤ ኳሱን ከወገቧ በታች አሽከርክራ ስትለቀው ዱላ የያዘችው ልጅ ማለፉን የምታውቀው ከኋላዋ ካለው ጓንት ውስጥ ጧ ሲል ነው። ሶልያና ጻካኔ የሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ልጅ ናት። አባቷ ዱካሞ ከሆሳዕና መጥቶ እዚያ ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከከፈተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ ልጆች ተጋጣሚ እንዳይሰማቸው በሜዳ ላይ በአማርኛ ይመካከሩ ስለነበር የቀሩት ልጆችም እየለመዱት ሄዱ። አንዲት የሶዌቶ ልጅ ሩጫ ላይ ያለችውን ጓደኛዋን "ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ" እያለች ስታሯሩጣት መስማት የተለመደ ሆነ።

በዚያ ዓመት ግን ቡድኑ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ሲጀምሩ ዐሥር ነበሩ። አንዷ ደርባን ሥራ አገኘችና ሄደች። ሌላዋ ሁለት ትምህርት ወደቀች፤ በኮሌጁ ደንብ ሁለት ትምህርት የወደቀ ደግሞ ድጋሚ ተፈትኖ እስኪያልፍ ድረስ ማልያ አይለብስም። ስምንት ቀሩ። ጨዋታው የሚፈልገው ዘጠኝ ነው። አንድ ጊዜ በስምንት ሰው ሄደው ዳኛው ሳይጫወቱ ተሸንፋችኋል ብሎ ከሜዳ መለሳቸው። ከዚህ በኋላ አሠልጣኛቸው ኮች ዝዋኔ ሜዳው ዳር ሰብስባቸው፣ የስፖርት ቢሮው ያላትን ነገረቻቸው። ይህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ከተደገመ ቡድኑ ይዘጋል፤ ለዳኛና ለታክሲ የሚሰጠው ትንሽ በጀትም ወደ መረብ ኳስ ይዛወራል። ከፕሪቶሪያ ከሚመጣው ቡድን ጋር ያለው ጨዋታ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነበር።

ራውዳና ሶልያና ኮሌጁን አዳረሱት። ካፍቴሪያ ውስጥ ያገኟቸው ልጆች አንዷ ጥፍሬ ይሰበራል አለች፤ አንዷ እሑድ ፀጉሬን እሠራለሁ አለች፤ አንዷ ደግሞ በደስታ እሺ ብላ ስትጨርስ የሌላ ኮሌጅ ተማሪ ሆና ተገኘች፤ እዚያ የመጣችው ወንድ ጓደኛዋን ልትጠይቅ ነበር። ደክሟቸው ደረጃ ላይ ሲቀመጡ ሶልያና የሊጉን ደንብ በስልኳ ከፍታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ተጫዋች ማለት በኮሌጁ የተመዘገበች ማናቸውም ሴት ተማሪ ናት ይላል፤ በቀንም ሆነ በማታ፣ በማንኛውም የትምህርት ዓይነት። ስለ ዕድሜ የሚል ነገር የለም። ሶልያና ከላይ እስከ ታች ደግማ ፈለገች። የለም።

ራውዳ ቀስ ብላ ተነሣች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሶልያና ምን ሆንሽ ብትላት ሆዷን ይዛ እየሳቀች ወደ ታክሲ ማቆሚያው እየጎተተች ወሰደቻት።

በማታው ክፍል አንዲት የምታውቃት ተማሪ ነበረች። ሰአዳ፣ የገዛ አክስቷ።

ሰአዳ የተማም ታላቅ እህት ናት። አርባ አምስት ዓመቷ ሲሆን ከወንድሟ የብርድ ልብስ ሱቅ ጎን እሷም የብርድ ልብስና የመጋረጃ ጅምላ መደብር አላት። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ረጅም ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ መደብሩን ለብቻዋ ይዛለች፤ ዙሉውንም እንግሊዝኛውንም ከደንበኞቿ አፍ ለቃቅማ ነው የተማረችው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አቅራቢዎቿ ትእዛዝ በኮምፒውተር ካልሆነ አንቀበልም ሲሏት፣ የወንድሟን ልጆች መለማመጥ ስልችት አላትና ለማታው የኮምፒውተር ትምህርት ማይንሪጅ ተመዘገበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማሪነት ካርዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር ብርድ ልብስ የምትሸጠው። ዋጋ ቀንሺ የሚላት ሲበዛባት ካርዱን ታሳያለች፤ ተማሪ ነኝ፣ እዘኑልኝ ለማለት።

ልጆቹ ሲደርሱ መጋረጃ እያጠፈች ነበር። ራውዳ ነገሩን ከዳር ዳር ልትነካካው ሞከረች።

"አክስቴ፣ አንቺ ተማሪ ነሽ አይደል?"

"ካርዴን አታዪም እንዴ?"

ያን ጊዜ ሶልያና አላስቻላትምና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። ሰአዳ መጋረጃውን አስቀምጣ ሰማች። ከዚያ እንደ ጅምላ ገዢ አንድ በአንድ ትጠይቅ ጀመር። ተጫዋቾቹ ሴቶች ብቻ ናቸው ወይ? አዎ። በሻሽ መጫወት ይቻላል? ይቻላል፤ ከላይ ኮፍያ ይደረግበታል። ሱሪው ረጅም ነው? ረጅም ነው። ኳሱ የተማምን ጉልበት የመታው ነው? እሱ ነው። ሰአዳ እዚህ ላይ ፈገግ አለች። ከዚያ ልጆቹ ያልጠበቁትን ጠየቀች።

"ስሜ ይጻፋል?"

"የት?" አለቻት ራውዳ።

"ቡድኑ ውስጥ ነዋ። ከእናንተ ስም ጋር።"

ይጻፋል፣ ዘጠነኛዋ አንቺ ነሽ አሏት። ሰአዳ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገረቻቸው። ስልጤ፣ ገጠር ውስጥ ልጅ ሳለች የወንድሞቿን ኳስ የምትሰፋው እሷ ነበረች። ያረጀ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ፣ ዙሪያውን በወፍራም ክር አጥብቃ ትሰፋለች፤ በመንደሩ የእሷን ያህል የሚነጥር ኳስ የሚሠራ አልነበረም። ስፌቱ ሲያልቅ ወንዶቹ ከእጇ ነጥቀው ወደ ሜዳው ይሮጣሉ። እሷ መርፌዋን ይዛ አጥሩ ሥር ቆማ ታያለች።

"አንድም ቀን ግቢ ያለኝ የለም" አለች። "ተማምም ጭምር። እናንተ ግቢ ካላችሁኝ እገባለሁ።"

"ግቢ፣ አክስቴ" አለቻት ራውዳ። ወዲያው ሰአዳ ተነሥታ በመጋረጃ ዘንግ አየሩን መምታት ስለጀመረች ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

ተማም ሲሰማ ራሱን ያዘ። ጀፕስታውን ምን ይላል፣ ሰው ይሳለቅብናል፣ ወገብሽስ ቢል፣ ሰአዳ ሁሉንም አስጨርሳ ካዳመጠችው በኋላ ሰው ቢስቅ ደግ ነው፣ ሳቅ ማን ጠልቶ አለችው። ታላቁ ናትና ክርክሩ እዚያው አለቀ። እሷ ግን አላበቃችም። የልጆቹን ማልያ ራውዳ አሳይታት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተገዛ፣ ብብቱ የተተረተረ፣ ቁጥሩ የተላጠ። ኮሌጁ ለአዲስ ማልያ ገንዘብ የለኝም ብሏል። ሰአዳ ወንድሟን እያየች፣ መጋዘንህ ውስጥ ያ ገዢ ያጣው ብርቱካንማ ካናቴራ አለ አይደል አለችው። ተማም አለ አለ። ወዲያው መናገሩ ቆጨው፤ ነጋዴ ነውና ግን ቶሎ ብሎ ከጀርባው የሱቄ ስም ካልተጻፈበት አልሰጥም አለ። ተስማሙ።

የስፖርት ቢሮው ኃላፊ ሚስስ ናይዱ የሰአዳን ካርድ ገልብጣ ገልብጣ አየችው። ደንቡን አነበበች፤ እሷም ስለ ዕድሜ የሚል አጣችበት። ነገር ግን አንድ እንቅፋት አገኘች። የማታ ተማሪም ቢሆን ለመጫወት የማለፊያ ውጤት ያስፈልገዋል፤ ሰአዳ ደግሞ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቃለች። ጽሑፏን ጨርሳ አንድ ቁልፍ ስትነካ ሁሉም ጠፍቶባት ነበር። ሁለተኛው ፈተና ከጨዋታው በፊት ባለው ረቡዕ ነው። ካለፈች ትጫወታለች፤ ከወደቀች ቡድኑም አብሯት ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ሠርግ ሰሞን ነበሩ። ጠዋት ራውዳና ሶልያና እየተፈራረቁ መደብሩ ውስጥ ኮምፒውተር ያስጠኗታል፤ ደንበኛ ሲገባ ትምህርቱ ይቆማል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። ሰአዳ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው፤ ጣቶቿን እንደ ዶሮ መንቁር ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ አንድ ፊደል ባገኘች ቁጥር አልሐምዱሊላህ እያለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሜዳ ትወጣለች።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ኮች ዝዋኔ ኳስ በቀስታ ወረወረችላት። ሰአዳ ጓንት ማጥለቋን ረስታ የቀሚሷን ጫፍ ዘረጋችና ኳሱን እንደ ማንጎ ተቀበለችው። ኮች ዝዋኔ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ እስኪበቃት ሳቀች። ስትነሣ ግን ኳሱ መሬት አልነካምና ያው ተይዟል አለች። ሩጫዋም የራሷ ነበር፤ ክርኖቿን አስፍታ፣ አጭር አጭር ርምጃ እየወሰደች፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ በዙሉ ሳውቦና እያለች፣ ሰላምታ እየሰጠች ትሮጣለች። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ጎጎ ብለው ጠሯት። እሷም ስሙ ደስ ብሏት ዋለች፤ ማታ ላይ በዙሉ አያት ማለት እንደሆነ ስትሰማ ግን ስልክ ደውላ ራውዳን ተቆጣች። በማግሥቱ ለቡድኑ አንድ ትሪ ሳምቡሳ ይዛ መጣችና፣ ከዛሬ ጀምሮ ማማ ያላለኝ አይበላም አለች። ሁሉም ማማ አሏት።

ኮች ዝዋኔ ለሰአዳ የሰጠቻት ቦታ በስተቀኝ ሜዳው ዳር ነበር፤ ኳስ ብዙም የማይደርስበት። የሰጠቻት ትእዛዝም ሁለት ብቻ ነበር። ኳስ ወደ አንቺ ከመጣ ያዢ፣ ከያዝሽ እንዳትለቂ። ዱላ ይዘሽ ለመምታት ስትቆሚ ደግሞ ምንም አታድርጊ፤ ጎንበስ ብለሽ ብቻ ቁሚ። ኳሱ የሚወረወረው ከጉልበት በላይና ከደረት በታች መሆን አለበት። ሰአዳ ስታጎነብስ ያ ቦታ ከብርድ ልብስ እጥፋት አይበልጥም፤ ወርዋሪዋ አራት ጊዜ ከሳተችው ሰአዳ ሳትመታ፣ ሯጮች እየረገጡ ከሚዞሯቸው አራት ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው በነፃ ትሄዳለች። ሰአዳ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ቆሞ መጠበቅማ የጅምላ ነጋዴ ሥራው ነው አለች።

ረቡዕ መጣ። የፈተናው ጥያቄ ለአንድ ድርጅት የቅሬታ ደብዳቤ ጽፎ፣ ሠንጠረዥ ሠርቶ ማተም ነበር። ሰአዳ አንድ ክረምት ሙሉ ብርድ ልብስ ያዘገየባት አቅራቢ ትዝ አላትና የልቧን አወጣችው። ብርድ ልብሱ ሲደርስ ሙቀት ገብቶ ነበር፣ ሰው በመስከረም ብርድ ልብስ ምን ያደርግበታል፣ እስኪ ራስህ ልበሰው ብላ ደመደመች። መምህሩ ሲያነብ ይህ ሰው በእውነት አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። የፊደል ግድፈቱ ብዙ፣ ሠንጠረዡም አንድ ጎኑ ወደ ታች የወረደ ነበር፤ ግን አለፈች። ለጥቂት ቢሆንም አለፈች። ካርዷን አንገቷ ላይ እያወዛወዘች በጀርሚስተን ታክሲ ማቆሚያ መሐል ስትሄድ ለማታውቀው ሰው ሁሉ አለፍኩ ትል ነበር፤ ሰዎቹም ምኑን ሳይጠይቁ ሻርፕ ማማ፣ ደግ ነው ለማለት፣ እያሉ አውራ ጣታቸውን ያሳዩአታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የማይንሪጅ ሜዳ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሕዝብ አየ። ጀፕስታውን እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ የስልጤ ነጋዴዎች ከነልጆቻቸው መጡ። ዱካሞ ደግሞ ዕቃ በሚያመላልስባት ባኪ በምትባል ፒክአፕ መኪናው የጻካኔን የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ከአምልኮ መልስ በቀጥታ አመጣቸው፤ ነጭና ሰማያዊ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ነበር የወረዱት። ሁለቱ ወገኖች አንዱን አግዳሚ ተጋሩ። አንድ ጎረምሳ ቩቩዜላ የሚባለውን ረጅም ጥሩምባ ይዟል። ጨዋታውን ከመካከላቸው አንድም ሰው አያውቀውም።

ልጆቹ ብርቱካንማውን ካናቴራ ለብሰው ወጡ። ተማም የሰጠው ትልልቁን ቁጥር ብቻ ስለነበር አጫጭሮቹ ላይ እንደ ቀሚስ ወርዷል። ጀርባቸው ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል "ተማም ብርድ ልብስ" ይላል። የፕሪቶሪያዎቹ አሠልጣኝ ጽሑፉ አሳሰባትና ዳኛውን ጠየቀች፤ ዳኛው ኮች ዝዋኔን ጠየቀ፤ ኮች ዝዋኔ ብርድ ልብስ ነው የሚለው አለችው። ዳኛው ለጥቂት ጊዜ ካናቴራውን ሲያይ ቆየና ጨዋታው ይጀመር አለ።

ሕዝቡ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጨዋታውን በራሱ መንገድ ተረጎመው። ዳኛው እጁን በኃይል ባነሣ ቁጥር ትልቅ ነገር ሆኗል ብለው ያጨበጭባሉ፤ ተይዛ ከጨዋታ የወጣችው የራሳቸው ልጅ ብትሆንም እልል ይሉላታል። የፕሪቶሪያ ልጅ አሳምራ ስትመታም ዘማሪዎቹ በሽብሸባ ያጅቧታል። ልጅቱ ግራ ገብቷት ወደ አግዳሚው እጇን አውለበለበች። ዱካሞ ብዙ ካየ በኋላ ወደ ተማም ዘንበል ብሎ፣ እነዚህ ልጆች ዞረው ዞረው ወደ ተነሡበት ነው የሚመለሱት፣ ታዲያ ምን አተረፉ አለው። ተማም ከልጁ የሰማውን አስታውሶ፣ ትርፉ መመለሱ ነው፣ በደኅና የተመለሰ አንድ ነጥብ ያገኛል አለው። ዱካሞ አሰበበትና እውነት ነው አለ፤ ከአገሩ ለወጣ ሰውም እንዲሁ ነው።

ሰአዳ ተራዋ ደርሶ ዱላ ይዛ ስትወጣ ቩቩዜላው አበደ። ከኮፍያዋ ሥር ብርቱካንማ ሻሽ አድርጋ ነበር። ጎንበስ ብላ ቆመች። የፕሪቶሪያዋ ወርዋሪ እንዲህ ያለ አጭር ኢላማ አይታ አታውቅም፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ወደ ጎን አደረገችው። አራተኛው ሲስት ዳኛው ሂጂ አላት። ሰአዳ ዱላዋን በሥርዓት መሬት ላይ አስተኛችና ገበያ እንደምትሄድ ሴት ቀስ ብላ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ተራመደች። እዚያ ለቆመችው ተጋጣሚ እጇን ዘርግታ ሰላም አለቻት። ሁለተኛ ተራዋም እንደዚሁ ሆነ።

ጨዋታው እኩል ለእኩል እየተካሄደ ስድስተኛው ዙር ላይ ደረሰ፤ የቀረው ከዚህ በኋላ አንድ ዙር ብቻ ነው። ስምንት ለስምንት ናቸው። ፕሪቶሪያዎቹ ሁለት ልጆች ማረፊያ ላይ አቁመዋል። ያን ጊዜ ነው ኳሱ ከዱላ ተነሥቶ፣ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ፣ ማንም ወደማይመታበት ወደ ቀኝ ዳር የበረረው። ሜዳው ሁሉ ዞሮ ሰአዳን አየ። ሰአዳ ሰማዩን አየች። ሁለት ርምጃ ወደ ፊት፣ ሦስት ወደ ኋላ ሄደች፤ ቢስሚላህ አለች፤ ሁለት ክንዷን ከፈተች። ኳሱ ጓንቱን ነክቶ ደረቷ ላይ አረፈ፤ እሷም በጀርባዋ ወደቀች። ስትወድቅ ግን በሁለት እጇ አቅፋው ነበር። ዳኛው መቺዋን አስወጣት።

አግዳሚው ተገለበጠ። ነገር ግን በዚህ ጨዋታ ኳስ ከተያዘ በኋላ ማረፊያ ላይ የነበሩት ልጆች መሮጥ ይፈቀድላቸዋል፤ ኳሱን የያዘ ሰው ቶሎ መወርወር አለበት። ይህን ለሰአዳ የነገራት አልነበረም። የተነገራት ያዢ፣ ከያዝሽ እንዳትለቂ ነው። እሷም አለቀቀችም። የፕሪቶሪያዎቹ ሁለት ልጆች እየዞሩ ነው፤ ሶልያና ከሜዳው መሐል እየዘለለች ትጮኻለች፤ በጭንቀቷ መካከልም አስተዳደጓ አልለቀቃትም።

"እትዬ ሰአዳ፣ እባክዎ ይወርውሩት!"

ከአግዳሚው ደግሞ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እንዳትሰጪ፣ እንዳትሰጪ ይላል። ሰአዳ ሕዝቡን ሰማች። ራውዳ ራሷ ሮጣ ደርሳ ኳሱን ከክንዷ ፈልቅቃ እስክታወጣው ድረስ ሁለቱም ልጆች ዞረው ገብተው ነበር። ዐሥር ለስምንት ሆነ። ሰአዳ ሣር እንደተጣበቀባት ቆማ ለሕዝቡ እጅ ነሣች።

የመጨረሻው ዙር የማይንሪጆች ተራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ወጡ። ሦስተኛ ሰው ከወጣ አበቃ። ሦስተኛዋ ሰአዳ ነበረች። እንደ ልማዷ አጎንብሳ ቆመች፤ ወርዋሪዋም እንደ ልማዷ ሳተች። ሰአዳ በነፃ ሄደች። ከዚያ ራውዳ መጣች። የመጀመሪያውን ኳስ አየችው፤ ሁለተኛውን ግን ከዱላዋ መሐል ጋር አገናኘችው። ኳሱ ከሁሉም ራስ በላይ አልፎ አጥሩ ሥር ድረስ ተንከባለለ። እንዲህ ያለ ምት የመታ ሰው አራቱንም ማረፊያ ዞሮ ይገባል፤ ራውዳም ከቡድኑ ሁሉ ፈጣኗ ናት።

ችግሩ ከፊቷ ያለችው አክስቷ መሆኗ ነበር። በደንቡ ከኋላ የመጣ ሯጭ የፊተኛዋን ከቀደመ ይወጣል። ራውዳ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ደረሰችባት። ከዚያ ወዲያ በሙሉ ጉልበቷ ቀስ ብላ መሮጥ ነበረባት፤ ከአክስቷ ጀርባ ጀርባ፣ እጆቿን እያርገበገበች፣ ቶሎ በይ አክስቴ፣ ቶሎ በይ እያለች። የሶዌቶዋ ልጅም ከዳር ሆና በአማርኛ ቶሎ በይ ትላለች፤ ኮች ዝዋኔ በዙሉ ትላለች፤ ዘማሪዎቹ መዝሙር ጀምረዋል። ሰአዳ ሦስተኛው ማረፊያ አጠገብ ስትደርስ አንድ ጫማዋ ወለቀ። ቆመች። ተመልሳ አነሣችው። በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው ሻሿን ይዛ ቀጠለች፤ ኳሱም ከወዲያ እየመጣ ነው። የመጨረሻዋን መንገድ እንዴት እንደሮጠች እሷም አታስታውሰውም። ብቻ መድረሻውን በባዶ እግሯ ረገጠችው፤ ዳኛው እጆቹን ወደ ጎን ዘረጋ፤ ገባች።

ራውዳ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቀረች። ሳቋ ስላፈናት ተንበርክካ ነበር። ዐሥር ለዘጠኝ።

ከዚያ የሆነውን ከሕዝቡ መካከል ያየ የለም። ሁሉም ቆሞ እየዘለለ፣ እርስ በርሱ እየተቃቀፈ ነበር፤ ተማም ዱካሞን አቅፎ ከመሬት አነሣው። በዚያ ጫጫታ መሐል ሶልያና መታች፣ ኳሱ ወደ ላይ ወጣ፣ የፕሪቶሪያ ልጅ ያዘችው፣ ጨዋታው አለቀ። ማይንሪጅ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። ሕዝቡ ግን ዳኛው እጁን ሲያነሣ አየና የመጨረሻው የድል ምልክት ነው ብሎ አጥሩን አልፎ ሜዳው ውስጥ ፈሰሰ። ሰአዳን በትከሻ ተሸከሟት። ዘማሪዎቹ ክብ ሠርተው ዘመሩ፤ ነጋዴዎቹ ባያውቁትም አጨበጨቡ። ያሸነፉት የፕሪቶሪያ ልጆች መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ አንዷ ክቡ ውስጥ ገባች፣ ሌላዋም ተከተለች፣ በመጨረሻ አሠልጣኛቸው ሳይቀር ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። ተማም በካርቶን ያመጣውን ለስላሳ መጠጥ ለሁለቱም ቡድን አደለ።

ኮች ዝዋኔ ራውዳን ወደ ዳር ወስዳ፣ ማን ይንገራቸው አለቻት። ራውዳ ሕዝቡን አየች፤ ማንም አይንገራቸው አለች። ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን አባቷን ማታለል አልሆነላትምና መሸነፋቸውን ነገረችው። ተማም መንገዱን እያየ ጠየቃት።

"አክስትሽ ታውቃለች?"

"ታውቃለች" አለችው። በእርግጥም ሰአዳ ሁሉን ታውቅ ነበር። ሶልያና የመወርወሩን ነገር ከጨዋታው በኋላ አስረድታት ነበር፤ ሰአዳም ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ኖሮ እስከ ፕሪቶሪያ እወረውረው ነበር ብላ ሳቀች። ተማም ያን ሲሰማ ሳቀ፤ ሲስቅ ቆየና እህቱ በልጅነቱ ትሰፋለት ስለነበረው ኳስ ለልጁ አወራት። በመጨረሻ ያን ጊዜ ግቢ ማለት ነበረብን አለ።

ዘጠኝ ሰው ይዘው ጨዋታውን ስለጨረሱ ቡድኑ አልተዘጋም። የሚበልጠው ደግሞ በማግሥቱ መጣ። የሜዳው ጭፈራ ቪዲዮ ኮሌጁን አዳርሶት ስለነበር፣ ጥፍሬ ይሰበራል ያለችው ልጅ ሳትቀር የሚመዘገቡት ሴቶች ከስፖርት ቢሮው በር እስከ ደረጃው ተሰለፉ። ሚስስ ናይዱ በጀቱን ባለበት አጸናችው፤ ትንሽ ጭማሪም አገኘችለት። ሁለት ትምህርት የወደቀችውም ልጅ ድጋሚ ተፈትና አለፈች፤ ሰአዳ በዚያ ዕድሜዋ ካለፈች እኔ ምን ቸገረኝ ብላ ነበር ያጠናችው።

አሁን ተጫዋች ሞልቷልና ኮች ዝዋኔ ሰአዳን አመስግና በክብር ለማሰናበት መደብሯ ድረስ ሄደች። የመጣችበትን ሳትጨርስ ሰአዳ አቋረጠቻት። የኮምፒውተሩ ትምህርት በዓመቱ መጨረሻ እንደሚያልቅ ታውቃለች፤ ካለቀ ተማሪ አይደለችም፤ ተማሪ ካልሆነች ደግሞ ከቡድኑ ትወጣለች። አስባበታለች። ለሚቀጥለው ዓመት የማታ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተመዝግባለች፤ እሱ ሲያልቅ እንግሊዝኛ አለ፤ እንግሊዝኛው ሲያልቅ ደግሞ ልብስ ስፌት።

"ተቀያሪ ወንበር ላይም ቢሆን እቀመጣለሁ" አለቻት። "ብቻ ስሜን እንዳትሰርዢው።"

ኮች ዝዋኔ አልሰርዘውም አለች። ከዚያ ሰአዳ ካልገዛሽ አትወጪም ብላ ሁለት ብርድ ልብስ ሸጠችላት፤ በተማሪ ዋጋ።